ቴምፕሌት ይበቃል ወይስ በልክ ይሠራ? ድረ ገጽ ከማሠራትዎ በፊት የሚያልፉባቸው ደረጃዎች

አብዛኛው ድርጅት በልክ፣ ማለትም ለእሱ ብቻ ከዜሮ ተጽፎ፣ የተሠራ ድረ ገጽ አያስፈልገውም፤ ቴምፕሌት፣ ማለትም አስቀድሞ ተሠርቶ የተዘጋጀ ድረ ገጽ፣ ይበቃዋል። የጥብቅና ቢሮ፣ ካፌ፣ የጥርስ ክሊኒክ ወይም የግንባታ ዕቃ አስመጪ የሚፈልገው አድራሻውን፣ የሥራ ሰዓቱን፣ አገልግሎቱንና ስልኩን በአምስት ስድስት ገጽ ማሳየት ብቻ ከሆነ፣ ዎርድፕረስ (ድረ ገጽ መሥሪያና ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር) ላይ ደህና ቲም (የገጹን መልክ የሚወስን ዝግጁ ቴምፕሌት) ተጭኖ፣ ጥሩ ፎቶ ገብቶ፣ ጽሑፉ በሥርዓት ከተጻፈ ሥራው አለቀ። እንዲህ ላለው ሥራ «ከዜሮ እንሥራልዎ» የሚል ባለሙያ ከመጣ፣ ዋጋውን ከመጠየቅዎ በፊት ምክንያቱን ይጠይቁት።

ነገሩ የሚለወጠው ድረ ገጹ ከማሳየት አልፎ ሥራ መሥራት ሲጀምር ነው፤ ቀን ሲይዝ፣ ዋጋ ሲያሰላ፣ ገንዘብ ሲቀበል፣ ለአንዱ የሰጠውን ለሌላው ሲከለክል። ቴምፕሌት የተሠራው ሌላ አገር ያለ ሰው «ንግድ የሚካሄደው እንዲህ ነው» ብሎ ባሰበው መልክ ነው። የእርስዎ አሠራር ከዚያ ጋር ከገጠመ ደስ ይበልዎ። ካልገጠመም ወዲያው ሁሉንም አፍርሶ ማሠራት አይደለም፤ መጀመሪያ የቱ ክፍል እንዳልገጠመና ያ ክፍል ምን ያህል እንደሚያስከፍልዎ መለየት አለበት። ለምሳሌ የወሰድነው አዲስ አበባ ያለ የሠርግ አዳራሽ ነው። የቀን አቆጣጠሩም፣ ቀብዱም፣ የወቅት ዋጋውም የእኛው ስለሆነ ቴምፕሌት የት ላይ እንደሚንገዳገድ በደንብ ያሳያል።

ደረጃ 1፦ አንድን ትዕዛዝ ከስልክ ጥሪው እስከ ሒሳብ መዝጊያው ይጻፉት

ኮምፒውተር አያስፈልግም። ወረቀት፣ እስክሪብቶና ስልክ የምታነሳው ሠራተኛ ይበቃሉ። ሥራ አስኪያጁ ብቻውን ቁጭ ብሎ ከጻፈው ግማሹ ይጎድላል፤ የሚጽፈው መሆን ያለበትን እንጂ የሚሆነውን አይደለምና።

የአዳራሹ ትዕዛዝ እንዲህ ይመስላል። ደንበኛው ይደውልና «ጥር 15 ቅዳሜ ክፍት ነው?» ይላል። ሠራተኛዋ አጀንዳውን ትገልጣለች። ሁለት አዳራሾች አሉ፤ እያንዳንዱ የምሳና የእራት ፕሮግራም ስላለው በቀን አራት የሚያዝ ቦታ አለ ማለት ነው። የእንግዳው ቁጥር ይጠየቃል። ምግቡ በአዳራሹ ነው ወይስ ደንበኛው ከውጭ ያስመጣል? ዋጋው በዚህ ይለያያል። ቀብድ ይከፈላል፣ ደረሰኝ ይቆረጣል። ከሠርጉ ሁለት ሳምንት በፊት ቁጥሩ ይስተካከላል፣ ቀሪው ይከፈላል።

አሁን በቀይ እስክሪብቶ ልዩ ሁኔታዎቹን ይጨምሩ። ቀኑን ልቀይር ቢልስ? ቀብዱን ግማሹን የሙሽራው ወገን፣ ግማሹን የሙሽሪት ወገን ቢከፍልስ? ያለፉትን 30 ትዕዛዞች ከአጀንዳው አውጥተው ስንቶቹ እንዲህ ያለ ነገር እንደገጠማቸው ይቁጠሩ። ከ30 አንዱ ላይ ብቻ የታየ ነገር በስልክ ይፈታል፤ ለእሱ ተብሎ ኮድ አይጻፍም። ከሦስት አንዱ ላይ ከታየ ግን ልዩ ሁኔታ መሆኑ ቀርቷል፣ መደበኛ ሥራ ነው።

ደረጃ 2፦ ያንኑ ወረቀት ቴምፕሌት ላይ ይሞክሩት

የሙከራ ድረ ገጽ ያስከፍቱ፤ ለሕዝብ የማይታይ ሳብዶሜይን (ከዋናው አድራሻ ሥር የሚከፈት ንዑስ አድራሻ) ይበቃል። የቦታ ማስያዣ ፕለጊን (ዎርድፕረስ ላይ የሚጨመር ዝግጁ ፕሮግራም) ይጫንበትና አምስት እውነተኛ ትዕዛዞችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያስገቡ። ከእያንዳንዱ መስመር ፊት ከአራቱ አንዱን ይጻፉ፦

- እንዳለ ይሠራል፤
- ሴቲንግ በመቀየር ይሠራል፤
- ተጨማሪ ፕለጊን ይፈልጋል፤
- ሠራተኛ በእጅ ካልሞላችው አይሠራም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስጋት አይደሉም። ሦስተኛው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የተለያዩ ሰዎች የሠሯቸው ስድስትና ሰባት ፕለጊኖች አንዱ በሌላው ላይ ተደግፈው ሲቆሙ፣ አንዱ አፕዴት በተደረገ ማግሥት ሌላው ይወድቃል፤ ኃላፊነቱን የሚወስድም አይገኝም። አፕዴቱን መዝጋት ደግሞ ለሰርጎ ገቦች (ሃከሮች) በር መክፈት ነው። የቲሙን ዋና ፋይል በቀጥታ አስተካክሎ ማለፍም ያው ነው፤ በቀጣዩ አፕዴት ማስተካከያው ይጠፋል። የግድ ከሆነ በቻይልድ ቲም (ዋናውን ሳይነካ ማስተካከያውን ለብቻው በሚይዝ ተጨማሪ ቲም) ላይ ይሠራ።

በልክ ወደ ማሠራት የሚወስደው አራተኛው ነው፤ እሱም ገንዘብን፣ ቀንን ወይም ለደንበኛ የሚሰጥን ቃል የሚነካ ከሆነ።

ደረጃ 3፦ የአገር ቤት ፈተናዎች

እዚህ ጋ ጊዜ ይስጡ፤ የውጭ መመሪያዎች የማያነሱት ክፍል ነው። ከሚከተሉት አንዳንዶቹ አስፈሪ መስለው በቀላሉ የሚፈቱ፣ አንዳንዶቹ ቀላል መስለው መሠረት የሚነኩ ናቸው።

ቀን። የቴምፕሌቱ ቀን መምረጫ 12 ወር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ጳጉሜን አያውቃትም። የድረ ገጽ ገንቢዎች የሚሠሩት የተለመደ ስሕተት በእኛና በፈረንጅ ቀን መካከል ያለውን ልዩነት ቋሚ ቁጥር አድርጎ መደመርና መቀነስ ነው። ይህ ለሦስት ዓመት ይሠራና በአራተኛው ይሳሳታል፤ ጳጉሜን 6 ስትሆን አዲሱ ዓመት በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላልና። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023፣ መስከረም 1 ቀን 2016 ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 መስጠት አለበት። ጥር 1 ቀን 2019 ጃንዋሪ 9 ቀን 2027 ሲሆን፣ ጥር 1 ቀን 2020 ጃንዋሪ 10 ቀን 2028 ነው። አራቱንም ካለፈ መቀየሪያው ደህና ነው። ዘመናዊ ብራውዘሮች የኢትዮጵያን ቀን ለማሳየት የሚያስችል አቅም ከራሳቸው ጋር አላቸው፤ ደንበኛው የሚጫነው ቀን መምረጫ ግን ተሠርቶ መግባት ይኖርበታል። ዳታቤዙ (ድረ ገጹ መረጃ የሚያስቀምጥበት መዝገብ) ውስጥ በፈረንጅ ቀን ይቀመጥ፣ ለዓይን በእኛ ይታይ።

ከቀን ጋር የሚመጣ ሌላ መዘዝ አለ። ብዙ ፕለጊኖች የተያዘውን ቀን ከሰዓት ጋር አያይዘው በዓለም አቀፉ ሰዓት ያስቀምጣሉ። የአዲስ አበባ ሰዓት ከእሱ በሦስት ሰዓት ይቀድማል። ስለዚህ ቅዳሜ ጥር 15 ቀን 2019 ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የተያዘ አዳራሽ፣ ዋሽንግተን ያለችው የሙሽሪት እኅት ስልክ ላይ «ዓርብ» ብሎ ይወጣል። ከውጭ ሆነው ለቤተሰብ ሠርግ አዳራሽ የሚይዙ ዘመዶች ጥቂት አይደሉምና ይህ ብርቅ ስሕተት አይደለም። መድኃኒቱ የሠርግ ቀንን ሰዓት የሌለው ንጹሕ ቀን አድርጎ ማስቀመጥ፣ ፕሮግራሙን ደግሞ «ምሳ» ወይም «እራት» ብሎ ለብቻው መጻፍ ነው። እንዲህ ያለ ዝግጁ ፕለጊን ይህን እንዲቀይሩ አይፈቅድም፤ የተሠራበት መሠረት ነውና።

ሰዓት። «7:00» ብሎ የሚጽፍ ማረጋገጫ ለግማሹ እንግዳ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ለሌላው ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ» የሚሉት ቃላት አብረው ይውጡ። ይህ በጽሑፍ ማስተካከያ ይፈታል።

የወቅት ዋጋ። ቴምፕሌቱ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ዋጋው ይህ ነው» ማለት ይችላል። የአዳራሽ ዋጋ ግን የሚከተለው በዓልና ጾምን ነው፤ ከጥምቀት በኋላ ይሰቀላል፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ገበያው ይቀዘቅዛል፣ ከፋሲካ በኋላ ይመለሳል። ፋሲካ በ2016 ሚያዝያ 27፣ በ2017 ሚያዝያ 12፣ በ2018 ሚያዝያ 4 ነው። በየዓመቱ አንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ በእጅ ማስገባት ይቻላል፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ለዚህ ብቻ ተብሎ ሲስተም አይሠራም።

ስም፣ ስልክና አድራሻ። «የቤተሰብ ስም» የሚለውን ሳጥን ወደ «የአባት ስም» ይቀይሩት፤ የፖስታ ኮዱን አስገዳጅ አያድርጉት፤ በእሱ ፋንታ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና «ልዩ ምልክት» ይግባ። ስልኩ በ09 ሆነ በ07፣ ወይም በ+251 ቢጀምር ሁሉንም ተቀብሎ በአንድ መልክ ያስቀምጥ። አለበለዚያ አንዱ ደንበኛ ሁለት ሰው ሆኖ ይመዘገባል። እነዚህ ሁሉ የሴቲንግ ጉዳዮች ናቸው።

ፍለጋ። «ሠርግ» ብሎ የጻፈ እና «ሰርግ» ብሎ የጻፈ ደንበኛ አንድ ውጤት ማግኘት አለባቸው። የቴምፕሌት ፍለጋ ፊደልን በፊደል ስለሚያመሳክር ሀ፣ ሐ፣ ኀን፤ ሰና ሠን፤ አና ዐን፤ ጸና ፀን የተለያዩ አድርጎ ያያቸዋል። ለአዳራሹ ይህ ምንም አይደለም፣ የሚፈለግ ብዙ ነገር የለውም። አምስት መቶ ዕቃ የሚሸጥ መደብር ከሆነ ግን ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ የሚያመጣ የፍለጋ ዓምድ ዳታቤዙ ውስጥ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ዕቃው እያለ ደንበኛው «የለም» ይባላል።

ሊንክ። ዎርድፕረስ ላይ ርዕሱ በአማርኛ ከሆነ ሊንኩም በአማርኛ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ፊደል ሲቀየር 9 ምልክት ይሆናል። የሚፈቀደው 200 ምልክት ስለሆነ ከ22 ፊደል ገደማ በኋላ ይቆረጣል፤ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍም የመቶኛ ምልክትና ቁጥር ዝርግፍ ይሆናል። ገጹ ሲፈጠር ሊንኩን በላቲን ፊደል አጭር አድርጎ መጻፍ ብቻ ነው።

የስልክ መልእክት። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ምልክት ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል 70 ብቻ። ሲረዝምና ሲቀጣጠል እያንዳንዱ ወደ 67 ይወርዳል። ስለዚህ ክፍት ቦታውን ጨምሮ 150 ፊደል ያለው ማረጋገጫ የሦስት መልእክት ሒሳብ ያስከፍላል። «ክቡር ደንበኛችን» የሚለውን ይተዉትና ስም፣ ቀን፣ አዳራሽ፣ የተከፈለ ብር ብቻ ይጻፉ።

ደረጃ 4፦ ክፍያና ድርብ ምዝገባ

ከውጭ የሚመጡ ቴምፕሌቶች ስትራይፕና ፔይፓል የተባሉትን የውጭ የክፍያ አገልግሎቶች ይዘው ይመጣሉ፤ ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ ለተመዘገበ ድርጅት አካውንት አይከፍትም። እዚህ የሚሠራው ቴሌብር፣ ሲቢኢ ብርና እንደ ቻፓ ያሉ የክፍያ አገናኞች ናቸው። ሙሉ ዋጋ ተቀብሎ ዕቃ ለሚልክ መደብር ዉኮሜርስ (የዎርድፕረስ የመደብር ፕለጊን) እና ዝግጁ የክፍያ ፕለጊን ይበቁታል። አዳራሹን የሚያስቸግረው ቀብዱ ነው፤ ዛሬ የሚከፈል ክፍል፣ ከወራት በኋላ የሚከፈል ቀሪ፣ መካከል ላይ የሚቀየር የእንግዳ ቁጥር፣ ሁሉም ከአንድ ቀን ጋር የታሰሩ።

ማንም ቢሠራው፣ ክፍያ ላይ ሁለት ነገር ያረጋግጡ። ደንበኛው የሚስጥር ቁጥሩን አስገብቶ ኔትወርኩ ቢቋረጥበት ገንዘቡ ሄዷል፣ «ተሳክቷል» የሚለው ገጽ ግን አልተከፈተም። ስለዚህ ሰርቨሩ (ድረ ገጹ የሚሠራበት ኮምፒውተር) ራሱ በግብይት ቁጥሩ ከክፍያ ድርጅቱ ጋር ማረጋገጥ አለበት እንጂ የደንበኛውን ገጽ መመለስ መጠበቅ የለበትም። ሁለተኛ፣ ያው የክፍያ ማሳወቂያ ሁለት ጊዜ ሊመጣ ይችላል፤ አንዱን ግብይት ሁለት ቀብድ አድርጎ የሚመዘግብ ሲስተም ወር ሳይሞላው ሒሳብ ሹሟን ያስለቅሳል። ስክሪንሾት ደግሞ ማስረጃ አይደለም፤ የግብይት ቁጥሩ ነው።

ድርብ ምዝገባ እንዴት እንደሚፈጠር ቀረብ ብለን እንየው። ሁለት ደንበኞች አንዱን ቅዳሜ እራት በአንድ ሰከንድ ውስጥ ይጫኑታል። ሲስተሙ ለመጀመሪያው «ክፍት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ክፍት ነው። ለሁለተኛውም ይጠይቃል፤ የመጀመሪያው ገና አልተጻፈምና አሁንም ክፍት ነው። ከዚያ ሁለቱም ይጻፋሉ። በሐምሌ ይህ አይታይም፤ በጥር ይታያል። መፍትሔው ጥያቄውን ማፍጠን አይደለም፤ አዳራሽ፣ ቀንና ፕሮግራም ተጣምረው አንዴ ብቻ እንዲጻፉ ዳታቤዙ ራሱ እንዲከለክል ማድረግ ነው። እዚህ ላይ ጀማሪ ገንቢ የሚዘነጋው አለ፤ የተሰረዘ ምዝገባ በዚያው ሠንጠረዥ ከቀረ ቀኑ ለዘላለም እንደተያዘ ይቆያል። የተሰረዙት ወደ ሌላ ሠንጠረዥ ይዛወሩ። ቀብድ ያልተከፈለበት ምዝገባም ከ20 ወይም 30 ደቂቃ በኋላ ራሱ ይለቀቅ።

ጉዳዩ የመልካም ስም ብቻ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ተቀብሎ ውሉን የሚያፈርስ ወገን የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። አንዱ ድርብ ምዝገባ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ከዚህ ማስላት ይቻላል።

ደረጃ 5፦ የሦስት ዓመት ሒሳብ

የመጀመሪያውን ቀን ዋጋ ብቻ ካነጻጸሩ ሁልጊዜ ቴምፕሌት ያሸንፋል። የሦስት ዓመቱን ያስሉ።

ለቴምፕሌት የሚደመሩት ማስጫኛው፣ ሆስቲንግ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ሰርቨር ኪራይ)፣ በየዓመቱ የሚታደሱ የፕለጊን ፈቃዶች እና የሠራተኛ ሰዓት ናቸው። ፈቃዶቹ በዶላር ናቸው፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ ስለሚወሰን የከርሞውን በዘንድሮ ብር አያስሉት። የሚዘነጋው ደግሞ የሠራተኛው ሰዓት ነው። አንዲት ሠራተኛ ቴምፕሌቱ የማያውቀውን ከአጀንዳ ወደ ኤክሴል፣ ከኤክሴል ወደ ድረ ገጹ ለመገልበጥ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ብታጠፋ፣ በወር 26 የሥራ ቀን 39 ሰዓት፣ በሦስት ዓመት 1,404 ሰዓት ነው።

በልክ ለሚሠራው የሚደመሩት የግንባታው ዋጋ፣ ሆስቲንግ እና ጥገና ናቸው። ለጥገና ከግንባታው ዋጋ በየዓመቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ መያዝ በዘርፉ የተለመደ ግምት ነው። ጥገና አልባ ዋጋ የሚያቀርብ ሰው ርካሽ አይደለም፤ ሒሳቡን አጉድሎታል።

ደረጃ 6፦ ሦስተኛውን መንገድ አስቀድመው ያስቡ

እስከዚህ ከመጡ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ውጤት ሁለቱም ጫፎች እንዳልሆኑ ነው። ለአዳራሹ የፎቶ ገጹ፣ የምግብ ዝርዝሩ፣ «ስለ እኛ» እና አድራሻው ቴምፕሌት ላይ ይቆዩ። በልክ የሚሠራው ቀን መያዣውና ቀብዱ ብቻ ይሁን፤ በሳብዶሜይን ላይ ለብቻው ይቀመጥና ከዋናው ገጽ በአንድ ቁልፍ ይገናኝ። ወጪው ይቀንሳል፣ የፎቶ ገጹ ቢበላሽም ምዝገባው አይቆምም። መልኩን ለመቀየርም ገንቢ መጥራት አይኖርብዎትም።

ሙሉ በሙሉ በልክ ማሠራት የሚያዋጣው ድረ ገጹ ራሱ ንግዱ ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ ብዙ አዳራሾችን ከብዙ ደንበኞች ጋር የሚያገናኝና ከእያንዳንዱ ኮሚሽን የሚቆርጥ።

ደረጃ 7፦ ውል፣ ርክክብና የመጀመሪያው ወር

ለገንቢው የሚሰጡት ሰነድ የደረጃ 1 ወረቀት ነው፤ ሲደመር እያንዳንዱ ምዝገባ የሚያልፍባቸው ስሞች፦ ተጠየቀ፣ ለጊዜው ተያዘ፣ ቀብድ ተከፈለ፣ ሙሉ ተከፈለ፣ ተሰረዘ። ከየትኛው ወደ የትኛው፣ በማን ፈቃድ እንደሚሄድ ይጻፍ። «ዘመናዊና ማራኪ ይሁን» የሚል ዓረፍተ ነገር ያለበት ውል አያስጠይቅም። «ጥር 15 እራት ሁለት ጊዜ ሊያዝ አይችልም» የሚለው ያስጠይቃል።

ዶሜይኑ (የድረ ገጹ የኢንተርኔት አድራሻ) በድርጅቱ ስምና ኢሜይል ይመዝገብ፤ ገንቢው በራሱ ስም አስመዝግቦ ሲለያዩ ስሙን ማስመለስ ከድረ ገጹ ግንባታ የከበደ ጣጣ ነው። የሆስቲንግ አካውንቱም የድርጅቱ ይሁን፣ ኮዱ በየሳምንቱ እርስዎ በሚያዙበት ማከማቻ ይግባ። ሥራው ከተማው ውስጥ ሌላ ባለሙያ በሚያውቀው መሣሪያ ይሠራ፤ ላራቬል ወይም ጃንጎ (ብዙ ገንቢዎች የሚያውቋቸው ዝግጁ የኮድ ማዕቀፎች) ያስኬዳል፣ ገንቢው ራሱ የፈለሰፈው ማዕቀፍ አያስኬድም። የደንበኛ መታወቂያ የሚቀበሉ ከሆነ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይመለከትዎታልና ማን እንደሚያየውና መቼ እንደሚጠፋ አብሮ ይወሰን።

ክፍያው ይከፋፈል፤ 25 በመቶ ሲጀመር፣ 30 በመቶ ቀን መያዣው ሲሠራ፣ 35 በመቶ ሥራ ላይ ሲውል፣ 10 በመቶ ከአንድ ወር በኋላ። ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በርካሽ አንድሮይድ ስልክና በሞባይል ዳታ ይሞከር፤ ዋናው ገጽ ከአንድ ሜጋባይት ባይበልጥና ዋናው ይዘቱ በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ቢታይ ጥሩ ነው። የሚያከብዱት ያልተጨመቁ ፎቶዎችና አራት አምስት ውፍረት ያላቸው የግዕዝ ፎንቶች ናቸው፤ ሁለት ውፍረት ይበቃል።

የመጀመሪያውን ወር አጀንዳውና ሲስተሙ ጎን ለጎን ይሂዱ፤ ሲለያዩ የሚታመነው አጀንዳው እንደሆነ ለሠራተኞች ከወዲሁ ይነገር። ሁሌም ማታ ማታ ያነጻጽሩ። በጥር አይጀምሩ፤ ሰኔ ወይም ሐምሌ ይሻላል። የመጨረሻውን 10 በመቶ ከመክፈልዎ በፊት ገንቢው የትናንቱን ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ባዶ ሰርቨር ላይ መልሶ እንዲያስነሳውና የትናንት ምዝገባዎችን አንድ በአንድ እንዲያሳይዎ ያድርጉ።